በቀኝ ይጀመር

ማክሰኞ ንጋት፣ ከአዲስ አበባ

ወደ ድሬዳዋ የሄድኩት ተናድጄ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን በንዴት ውስጥ ሆኜ ስላየሁት ነው፤ ማየቴም ያን ያህል የሚታመን አልነበረም።

ሥራዬ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ማዛወር ነው። ከሦስት ወር በፊት ድሬዳዋ ከዚራ ላለ አንድ የመድኃኒት ማከፋፈያ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ ነበር። ቤቱ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የመድኃኒት ፍሪጆች አሉት፤ ቀኝና ግራ። በየአንዳንዳቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አለ። ከመለኪያዎቹ የሚወጡት ሁለት ገመዶች ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካሉ፣ ኮምፒውተሩም በየሰከንዱ ሙቀታቸውን ይመዘግባል። አሮጌው ማሽን ሲዳከም ዲስኩን በአውቶቡስ ላኩልኝ። እኔም አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ወደ አዲስ ማሽን አዛውሬ፣ ሞክሬ፣ ከሁለት አዲስ የመለኪያ ገመዶች ጋር አሽጌ ላክሁላቸው። ድሬዳዋን ሳልረግጥ ተጠናቀቀ ብዬ ዘጋሁት።

ባለፈው እሑድ ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ደወሉ።

«መዝገቡ አንዴ የቀኙ ፍሪጅ ሞቀ ይላል፣ አንዴ የግራው። ባለፈው ሳምንት የግራው ዐሥራ አንድ ዲግሪ ገባ ብሎ ውስጡ የነበረውን ኢንሱሊን በሙሉ አስወግጄዋለሁ። የጽዳት ሠራተኛችን ናት። በምሳ ሰዓት ብቻዋን ስትሆን ፍሪጁን ነቅላ ማራገቢያዋን ትሰካለች። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፌላታለሁ። መጥተህ ማሽኑን እይና ልክ መሆኑን በጽሑፍ ስጠኝ። በሦስተኛው ላሰናብታት ነው።»

እንግዲህ የጉዞዬ ዓላማ ይህ ነበር። አንዲት ሴት ሞቀኝ ብላ የእኔን ሳምንት አበላሸችብኝ ብዬ በገንኩ። የአውቶቡሱ ወንበር ጉልበቴን አላስዘረጋ አለኝ፣ ሾፌሩ ገና አዳማ ሳንደርስ ሙዚቃውን ለቀቀው፣ እኔም ሁሉንም በእሷ ሒሳብ ጻፍኩት።

አዋሽን ስናልፍ መስኮቱ የሚያስገባው አየር ጋለ። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። የእኔ ቦርሳ በገመድ የተሞላ ስለሆነ ፈታሹ አንድ በአንድ እያወጣ አፈር ላይ ደረደረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገመድ።»

«ገመድነቱንማ አየሁት። የምን ገመድ?»

ለዚያ ሰው ሊኑክስን ማስረዳት ጀመርኩ። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ «ሰብስብና ግባ» አለኝ። ጭሮ ላይ የበላሁት ጥብስ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሱንም ተናደድኩበት። ከቁልቢ በኋላ ደንገጎ ላይ መንገዱ ቁልቁል መጠምዘዝ ሲጀምር ጆሮዬ ደነቆረ፤ ከተማዋ ከታች በሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ የማውለቅ ያህል እየሞቀን ወረድን።

ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት፣ ከዚራ

ባጃጅ ይዤ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገርኩ። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሾፌሩ ታናሼ ነው፤ ከአፉ አንቱ አልወጣም። «አንተ፣ ከአዲስ አበባ ነህ አይደል? ፊትህ ላይ ያስታውቃል፣ አቦ» አለኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳስታወቀው አልጠየቅኩትም።

አቶ ግርማ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሸሚዛቸው በሙቀቱ ያልተጨማደደ ሰው ናቸው። አንቱ ስላቸው «አንተ በለኝ፣ እዚህ አገር አንቱ የሚባለው ሐኪም ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። ለማለት ግን አልደፈርኩም። ከዚያ ዘሃራን አስጠሩ። በዕድሜ የሳቸው እኩያ፣ ቀጠን ያለች፣ ሽርጧን ከፍ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። እሷን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አንቺ አልኳት። በድሬዳዋ ልማድ አይደለም፤ ጠራጊ ስለሆነች ነው።

«ፍሪጁን ትነቅያለሽ?»

«ወላሂ ነክቼው አላውቅም።»

«ማሽኑ ግን ነካች ይላል። ማሽን አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?» አለችና መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። አቶ ግርማ ይኸው አየህ በሚል ዓይን ተመለከቱኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ረቡዕ ጠዋት

ጠዋት ፈጢራ በማር በልቼ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን የብርጭቆ ቴርሞሜትር በየፍሪጁ ውስጥ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ቀኙ ዐሥራ አንድ፣ ግራው አራት። ኮምፒውተሩ ላይ ቀኙ ዐሥራ አንድ፣ ግራው አራት። ልክ ነው። በጠዋት ማንም ሳይነካው ቀኙ ለምን እንደሞቀ አልጠየቅሁም፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ? ቁጭ ብዬ «ማሽኑ በትክክል ይሠራል፤ የሚታየው ለውጥ ከሰው ንክኪ የመጣ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተሜን አሳረፍኩ።

አቶ ግርማ ደብዳቤውን እያነበቡ ሳለ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ መጥተው ኢንሱሊን ጠየቁ። የለም ተባሉ። ሐረር ይሞክሩ ተባሉ። ሽማግሌው ባዶዋን የመድኃኒት ሣጥን መልሰው በፌስታል ጠቀለሏትና ወጡ። ዘሃራን ፈለግኳት። ደረጃውን እየወለወለች ነበር።

«አየሽ ያደረግሽውን?»

ውኃውን ጨምቃ ቀጠለች። ያን ጊዜ ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ዛሬ ሳስበው ፊቴን ይሞቀኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ተዘጋ። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ድሬዳዋ በቀትር ትዘጋለች። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያርፋል። ገና የምቀዳው ፋይል ነበረኝ፤ ውጣ ተባልኩ። በከዚራ ዛፎች ሥር ተናድጄ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሥራ ፈቶ የሚተኛ ከተማ እንዴት ያድጋል እያልኩ ለራሴ አወራሁ። ባጃጁ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የተኛ ሾፌር ቀስቅሼ የሚሠራ ኢንተርኔት ቤት እንዲወስደኝ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «በዚህ ሰዓት ሥራ የሚያምረው አንተን ብቻ ነው። አብሽር፣ ጥላ ውስጥ ግባና ተኛ።»

ዐሥር ሰዓት ላይ አቶ ግርማ ሆቴሌ ደወሉ። «ና እይ። ደግማዋለች።» ሮጬ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አሁን ግራው ዐሥራ አንድ ነው፣ ቀኙ አራት። ቴርሞሜትሩን ሆቴል ረስቼዋለሁ፤ ደግሞስ ለምን እለካለሁ? ጠዋት ለክቼ ፈርሜያለሁ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ዘሃራ ላይ ጮህኩባት። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ በዚያው ሰዓት ተጽፎ፣ የእኔ ደብዳቤ ተያይዞበት ለማከፋፈያው ባለቤት ተላከ። ባለቤቱ ቅዳሜ ይወስናል ተባለ።

ሐሙስ ቀትር

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ወሰንኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አቶ ግርማን አስፈቅጄ በሁለቱ ፍሪጆች መካከል ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እስቲ በእኔ ፊት ትንቀል።

ዘሃራ ገባች፤ አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ሁለቱን የመለኪያ ገመዶች ነቀለች፣ ጠቀለለቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ፍሪጆቹን አልነካችም።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ማን ንቀይ አለሽ? ‹ገመዱን አትንኩ› ብዬ ለጥፌበት የለም እንዴ?»

«ለጥፈሃል። እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም። ቁርኣን ነው የቀራሁት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በቀትር መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ ጉልበቱ አይጣል ነው። ከአሮጌው በፊት የነበረውን ማሽን ከፍሪጆቹ በገመዱ ገብቶ የበላው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቀትር ላይ ገመዱን እነቅላለሁ፣ በዘጠኝ እመልሳለሁ። ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም ያውቃል። እኔ ብቻ አላውቅም፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ያለው ጠረጴዛዬ በቀትር አይዘጋም። እሷ ካርቶን ዘርግታ ጋደም አለች። በሌላ ቁራጭ ካርቶን ታራግብ ጀመር። ማራገቢያ የላትም። ክፍሉን በሙሉ በዓይኔ ፈለግሁ፤ አንድም ማራገቢያ አልነበረም።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ አልተነሣሁም። የሁለቱም ፍሪጆች በር አልተከፈተም፤ የመብራት ገመዳቸውም አልተነቀለም። ምስክሩ እኔ ነኝ። ከመንቀሏ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ቀኙ ዐሥራ አንድ፣ ግራው አራት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣች። ቢስሚላሂ አለችና የቀኙን ገመድ ሰካች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ዐሥር ስትሞላ የግራውን ሰካች። ሁለቱም በየቀዳዳቸው ናቸው፤ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ። ስክሪኑን አየሁ። ቀኙ አራት፣ ግራው ዐሥራ አንድ።

ቴርሞሜትሩን አገባሁ። የቀኙ ፍሪጅ ዐሥራ አንድ ነው። የግራው አራት። ፍሪጆቹ እንደነበሩ ናቸው፤ የተለዋወጡት ስማቸው ነው።

«ለምን ቀኙን አስቀደምሽ?» አልኩ።

«ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ፣ ጅቡቲ የሄደው፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። ‹በቀኝ ይጀመር፣ ዐሥር ቁጠሪ፣ ከዚያ ግራ› አለኝ። አምስት ዓመት እንዲሁ ነው የማደርገው። እዚያ ውስጥም ጽፌዋለሁ ብሎኛል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በሊኑክስ ውስጥ ዴቭ የሚባል ፎልደር አለ። ውስጡ ያሉት ፋይል ይመስላሉ እንጂ ፋይል አይደሉም፤ ወደ ዕቃዎቹ የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ሲስተም የሚያዛውር ሰው ሌላውን ሁሉ ሲቀዳ ይህን ፎልደር አይቀዳም። ሁለት በሮች ብቻ ሠርቶ ባዶውን ይተወዋል፤ አንዱ ሲስተሙ ሲነሣ የሚናገርበት፣ ሌላው የማይፈለገውን የሚጥልበት። የቀረውን ማሽኑ ሲነሣ ያገኛቸውን ዕቃዎች እያየ ራሱ ይሞላል። ይህን አሳምሬ ሠርቼዋለሁ፤ እኮራበትም ነበር። ችግሩ ማሽኑ እንዲህ ላሉ ገመዶች የሚሰጠው ስም የተራ ቁጥር መሆኑ ነው። መጀመሪያ የመጣው ዜሮ፣ ቀጥሎ የመጣው አንድ ይባላል። የትኛው የየትኛው ፍሪጅ እንደሆነ ማሽኑ አያውቅም።

በአሮጌው ሲስተም ዜሮ የቀኙ ፍሪጅ ነበር። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱን ገመዶች ሰክቼ ማሽኑን ሳስነሣው ከግራው ቀዳዳ ቆጠረና ዜሮ ግራው ሆነ። ስሕተት አገኘሁ ብዬ ስሞቹን አገለባበጥኳቸው። ልክ የነበረውን አረምኩት። በዚያ ላይ በየሌሊቱ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ አደረግሁት፤ ለጥንቃቄ። ስለዚህ ጠዋት ሁልጊዜ እንደኔ ይቆጥራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ዘሃራ ይቆጥራል። የረቡዕ ጠዋት ልኬቴ ልክ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው አንድ መስመር ነው። በአሮጌው ሲስተም ስሞቹ የተጻፉበት ፋይል ራስ ላይ «በቀኝ ይጀመር» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ከሥሩ የተጻፈው የልጁ ስም የእስላም ስለሆነ፣ ቤት ሲገባ ቀኝ እግርን እንደማስቀደም ያለ የሃይማኖት ልማድ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ፣ ፋይሉ ንጹሕ ይሁን ብዬ ሰረዝኩት። ማሽኑን የሚያሠራው መመሪያ እሱ ነበር።

ሐሙስ ማታ ሳይመሽ

ልጠግነው ተቀመጥኩ። ገመዱ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው፣ ማሽኑ በዚያ ቁጥር እያወቀ ሁልጊዜ አንድ ስም እንዲሰጠው ሕግ መጻፍ ይቻላል፤ በየትም በምንም ተራ ቢሰካ ችግር የለም። የእነዚህን ገመዶች ቁጥር ፈለግሁ። የላቸውም። ርካሽ ስለሆኑ ሲሠሩ አልተሰጣቸውም። የገዛኋቸው እኔ ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ስሙን በቀዳዳው አሰርኩት፤ በቀኙ ቀዳዳ የገባ ሁሉ «ቀኝ»፣ በግራው የገባ «ግራ» እንዲባል። አሁን ሥራው የሚቆመው ገመዱን ሁልጊዜ በቦታው በሚመልስ እጅ ላይ ነው። ዘሃራ ነገሩን ስነግራት ከቀሚሷ ጫፍ ቀይ ክር መዘዘችና በቀኙ ገመድ ላይ አሰረችው።

ከዚያ አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያስወገዱት ኢንሱሊን ደህና እንደነበረ፣ የታመመው የቀኙ ፍሪጅ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው መድኃኒት ዛሬውኑ መታገድ እንዳለበት። ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልክ አንሥተው ከቀኙ ፍሪጅ የወሰዱትን ደንበኞች እየጠሩ ሳለ ስለ ዘሃራ ጠየቅሁ።

«ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ወጪ ሆኗል።»

«ይመለሳ።»

«ማኅተም አርፎበታል፣ ከአንተ ደብዳቤ ጋር። ባለቤቱ ቅዳሜ ያየዋል። በዚህ ሁሉ ኪሳራ መካከል አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።»

«የምጠየቀው እኔ ነኛ።»

«አንተ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም» አሉ። ጠረጴዛቸውን በጡጫ መታሁት። ሕይወቴን ሙሉ የማንንም ጠረጴዛ መትቼ አላውቅም። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና «ትናንት እሷ ላይ የጮህከው አንተ ነህ» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት

ሌሊቱን የጻፍኩትን ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። የረቡዕ ደብዳቤዬ ሐሰት መሆኑን፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን፣ ወይዘሮ ዘሃራ ለአምስት ዓመት ሥራዋን በትክክል እንደሠራች የሚል ነው። ማኅተሜን አሳርፌ ለአቶ ግርማ ሰጠሁ፤ ለባለቤቱ እንልካለን አሉ። ቅጂውን ለዘሃራ ሰጠኋት። ወረቀቱን ገለባብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«አንብብልኝ።»

«እዚህ?»

«የጮህክብኝ እዚህ ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ነበር። አነበብኩ። ስጨርስ «አጠፋሁ ያልክባትን ድገማት» አለች። ደገምኳት። ወረቀቱን ተቀብላ አራት ላይ አጥፋ በጉያዋ ከተተችው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እኔ ተነጋገራችሁ» አለች። «በቀትር ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ብትጠይቀኝ የመጀመሪያው ቀን እነግርህ ነበር።»

አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ንዴቴ አልበረደም ነበር። የሚናደዱበት ሰው ሲጠፋ ግን ንዴት ከባድ ነው። ደንገጎን ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፤ ሰዉ ሹራቡን ለበሰ፣ እኔ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ገመዶቼን አወጣ። የምን ገመድ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። ሰው የሠራውን ከማረሜ በፊት ለምን እንደዚያ እንደሠራው እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ማሽኑን ብቻ አይሆንም። ደግሞም የማላውቀውን ከተማ ሰዓት ስንፍና ብዬ አልጠራም።

ቅዳሜና እሑድ አቶ ግርማ ስልክ አላነሡም። ዘሃራ ስልክ ይኑራት አይኑራት እንኳ አልጠየቅኋትም። ያ ማሽን የሚመዘግበውን ወደ እኔም ይልካል። ለሦስት ወር ሲልክ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ ብከፍተው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ መስመሮች ቦታ ሲለዋወጡ አይ ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማከፋፈያው እሑድ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ከተወሰነ የሚታየው ዛሬ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱም መስመሮች ተቋረጡ። ይሄ ምንም አይነግርም፤ ማንም ሊነቅል ይችላል። ምሳ አልበላሁም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከሁለት ላይ የቀኙ መስመር ብቻውን ተነሣ። የግራው የለም። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆጠርኩ። ዐሥር ስል የግራው ተነሣ።

አሁን በየትኛውም ተራ ቢሰካ ለማሽኑ ለውጥ የለውም። ነግሬያት ነበር።